ከጀርመን የመጣ የጉዳት ሕክምና ወረቀት ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም፦ ከወሎ ተደጋግመው የሚቀርቡ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ የሕክምና ወረቀት ከጀርመንኛ ወደ እንግሊዝኛ እተረጉማለሁ። የሚመጡት ሰዎች ብዙ ዓይነት ናቸው፤ ከግንባታ መወጣጫ ላይ ወድቆ አገሩ ገብቶ ማገገም የመረጠ ወጣት፣ ፍራንክፈርት ያለች ልጇን መኪና ገጭቷት እንቅልፍ ያጣች የኮምቦልቻ እናት፣ እግሩ ውስጥ ብረት ተቀምጦለት ወልድያ የተመለሰ ሾፌር። ጥያቄያቸው ግን ይመሳሰላል። ብዙዎቹ የሚፈሩት ረጃጅሞቹን የጀርመንኛ ቃላት ነው። እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ የምጠነቀቀው ከእነዚያ ቃላት ጎን ለተቀመጡት ሁለት ሁለት ፊደላት ነው፤ ምክንያቱን ከታች ታገኙታላችሁ። ይህ ገጽ ወረቀት ለማንበብና ለማስተርጎም ይረዳል እንጂ ሐኪምን አይተካም።

ሐኪሜ ያለው ደሴ ነው፤ እኔም የምናገረው አማርኛ ነው። ታዲያ ለምን ወደ እንግሊዝኛ?

የአገራችን ሐኪሞች የሚማሩት በእንግሊዝኛ፣ የታካሚ ካርድ ላይ የሚጽፉትም በእንግሊዝኛ ስለሆነ ነው። በደሴ ሆስፒታል ይሁን በቦሩ ሜዳ የሚያገኙት ሐኪም «ዲስታል ሬዲየስ ፍራክቸር» የሚለውን ሲያነብ ወዲያው ይገባዋል። «የክንድ አጥንት ስብራት» ከተባለ ግን የትኛው አጥንት፣ የቱ ጋ ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

አማርኛው ለቤተሰብ ያስፈልጋል፤ ለብቻው ቢጻፍ ይሻላል። እዚያም ላይ ጥንቃቄ አለ። እኛ «እግር» ስንል ከዳሌ እስከ ጣት ድረስ ያለውን ሁሉ ማለታችን ሊሆን ይችላል፤ «እጅ»ም እንደዚያው ነው። ጀርመንኛው ጭንን፣ ቅልጥምን፣ ቁርጭምጭሚትንና የእግር መዳፍን ለያይቶ ይጠራል። «ጅማት» የምንለው ደግሞ በሐኪሞች ዘንድ ሁለት ነገር ነው፤ ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘውና አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘው። ጀርመኖች የመጀመሪያውን «ዜነ»፣ ሁለተኛውን «ባንት» ይሉታል፤ እንግሊዝኛው «ቴንደን» እና «ሊጋመንት» ነው። በአማርኛ «ጅማቱ ተበጥሷል» ብቻ ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ የትኛው እንደሆነ በአንድ ሐረግ ማስረዳት ያስፈልጋል።

የትኞቹን ወረቀቶች ላምጣ?

ከሆስፒታል ሲወጡ የተሰጠውን ደብዳቤ («ኤንትላሱንግስብሪፍ» ወይም «አርትስትብሪፍ» ይባላል)፣ ቀዶ ሕክምና ካለ የቀዶ ሕክምናውን ዘገባ፣ የራጅና የሲቲ ምስሎቹን የያዘውን ሲዲ፣ ብረት ከገባ ደግሞ የብረቱን ዓይነት የሚገልጸውን ትንሽ ካርድ። ሲዲውን ብዙዎች ጀርመን ጥለውት ይመጣሉ። ምስል ትርጉም አይፈልግም፤ የደሴው ሐኪም በራሱ ዓይን ያየዋል፤ ስለዚህ ከሁሉም አስቀድማችሁ እሱን አስልኩ።

ደብዳቤው ከጠፋ ተስፋ አትቁረጡ። በጀርመን እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የታካሚዎች መብት ሕግ ሰው የራሱን የሕክምና መዝገብ የማየትና ቅጂ የመቀበል መብት ይሰጠዋል። ሆስፒታሉም ሕክምናው ካለቀ በኋላ መዝገቡን ለ10 ዓመት የማቆየት ግዴታ አለበት። ታካሚው ራሱ ፈርሞ ቢጽፍ፣ ወይም እዚያ ላለ ዘመድ ውክልና ቢሰጥ ቅጂው ይገኛል።

በምርመራው ስም ፊት ያሉት ሁለት ፊደላት ምንድን ናቸው?

ይህ ለእኔ የገጹ ዋና ጥያቄ ነው፤ ሰፋ አድርጌ እመልሰዋለሁ።

የጀርመን ሐኪሞች ደብዳቤ ሲጽፉ በጣም ያሳጥራሉ። ለምሳሌ እጁን መሬት ላይ ተደግፎ የወደቀ ሰው ደብዳቤ ሲነበብ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ትሴት-ኤን ሽቱርትስ አውፍ ዲ ሬሽተ ሃንት። ዲስታለ ራዲዩስፍራክቱር ሬሽትስ። ፋው-አ ካንባይንፍራክቱር። ዴ-ኤም-ኤስ ኢንታክት።» አራት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ትሴት-ኤን» የ«ትሱሽታንት ናኽ» ምሕጻር ሲሆን ከዚህ ነገር በኋላ ያለ ሁኔታ ማለት ነው፤ በእንግሊዝኛ «ስቴተስ ፖስት» ይባላል። እዚህ ላይ ሰውየው በቀኝ እጁ ላይ ወድቆ መጣ ለማለት ነው። ይኸው ምሕጻር ከአሮጌ ስብራት ፊት ሲቀመጥ ግን «ከዚህ በፊት ተሰብሮ የዳነ» ማለት ይሆናል። ተርጓሚው ከዘለለው የዛሬ አሥር ዓመት የዳነ ስብራት የዛሬ ስብራት ሆኖ ሐኪሙ ፊት ይቀርባል።

ሁለተኛው ቁርጥ ያለ ነው፤ የቀኝ ክንድ በአውራ ጣት በኩል ያለው አጥንት ከእጅ አንጓ አጠገብ ተሰብሯል። እንግሊዝኛው «ዲስታል ሬዲየስ ፍራክቸር፣ ራይት» ነው።

ሦስተኛው ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። «ፋው-አ» የሚለው «ፈርዳኽት አውፍ» ማለት ነው፤ ጥርጣሬ አለ ለማለት። በእንግሊዝኛ «ሰስፔክትድ» ተብሎ መጻፍ አለበት። ሐኪሙ በእጅ አንጓ ውስጥ ያለችው ትንሽ አጥንት ተሰብራ ይሆናል ብሎ ጠርጥሯል፤ ተሰብራለች አላለም። ይህች አጥንት ደሟን የምታገኘው ከጣቶች በኩል ወደ ኋላ ስለሆነ ስብራቷ በቶሎ ካልታወቀ ሳይገጥም ሊቀር ይችላል፤ ስብራቱም በመጀመሪያው ራጅ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም። ስለዚህ ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ድጋሚ ይመረመራል። ተርጓሚው ሁለቱን ፊደላት ጥሎ «የተሰበረ» ብሎ ቢጽፍ የሌለ ስብራት ፈጠረ ማለት ነው። ዓረፍተ ነገሩን ጨርሶ ቢዘለው ደግሞ የደሴው ሐኪም ድጋሚ ራጅ ማዘዝ እንዳለበት የሚያውቅበት መንገድ የለም። ሰውየው እጁ እያመመው ወራት ይቆያል።

«ካንባይን» የሚለው ቃል ራሱ በእጅም በእግርም ላለ አጥንት ይሠራል። በእጅ ሲሆን እንግሊዝኛው «ስካፎይድ»፣ በእግር ሲሆን «ናቪኩላር» ነው። ከዐውዱ ውጭ የሚለይበት ሌላ ምልክት የለውም።

አራተኛው «ዴ-ኤም-ኤስ ኢንታክት» ደም መዘዋወሩ፣ እንቅስቃሴውና የመዳሰስ ስሜቱ ደህና ነው ማለት ነው። እንግሊዝኛው «ኒውሮቫስኩላርሊ ኢንታክት» ይለዋል።

አንድ ሌላ አደገኛ ቃል አለ፤ «አውስሽሉስ»። ከምርመራ ትእዛዝ ጋር «ትሱም አውስሽሉስ» ተብሎ ሲመጣ «አለመኖሩን ለማጣራት» ማለት ነው፤ ገና አልታወቀም። ለብቻው በውጤት ሥር ሲቀመጥ ደግሞ «አለመኖሩ ተረጋግጧል» ማለት ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛውም ራሱ በዚህ ያምታታል፤ «ሩል አውት» እና «ሩልድ አውት» በአንድ ፊደል ይለያያሉ፤ ትርጉማቸው ግን ተቃራኒ ነው። እኔ በአሕጽሮት አልተወውም። «አልተገኘም» ወይም «ገና ይጣራል» የሚለውን በሙሉ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ እጽፈዋለሁ።

«ኦ-ቤ» የሚለውን ካያችሁ ደስ ይበላችሁ፤ «ኦነ በፉንት» ማለት ነው፤ የተገኘ ችግር የለም።

ግራና ቀኝ እንዴት ይጻፋል?

«ኤር-ኤ» ወይም «ሬሽትስ» ቀኝ፣ «ኤል-ኢ» ወይም «ሊንክስ» ግራ፣ «ቤ-ዴ-ኤስ» ሁለቱም ጎን። ትርጉሙ ሲደርሳችሁ መጀመሪያ ይህን አረጋግጡ፤ ለዚህ ቋንቋ ማወቅ አያስፈልግም፣ የታመመውን ጎን ታካሚው ራሱ ያውቀዋል።

«ፕሬሉንግ»፣ «ፈርሽታውኹንግ»፣ «ትሴሩንግ»፤ ሁሉም ወለምታ ነው?

አይደለም። «ፕሬሉንግ» ከምት የሚመጣ ጉዳት ነው፤ ቆዳው ሳይቀደድ ውስጡ ይቆስላል፣ ያብጣል፣ ይጠቁራል። እንግሊዝኛው «ኮንቱዥን» ነው። «ፈርሽታውኹንግ» የእኛ ወለምታ ነው፤ አንጓው ከልኩ በላይ ተጠምዝዞ አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ተጎድቷል፤ በእንግሊዝኛ «ስፕሬይን»። «ትሴሩንግ» ብዙ ጊዜ የጡንቻ መሳሳብ ነው፤ «ስትሬይን» ይባላል። እነዚህ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት በአጻጻፍ ስለሚቀራረቡ በችኮላ ሲተየቡ ይቀያየራሉ።

ሐኪሞች ከሕዝቡ ቃል ይልቅ የላቲኑን መጠቀም ይወዳሉ፤ «ፈርሽታውኹንግ» በማለት ፈንታ «ዲስቶርሲዮን» ይጽፋሉ። እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ይህንን «ዲስቶርሽን» ብሎ ለመጻፍ እጁ ይቸኩላል። በእንግሊዝኛ ሕክምና ግን እንደዚያ አይባልም፤ ትክክለኛው አሁንም «ስፕሬይን» ነው። መኪና ከኋላ ተገጭቶ አንገቱ የተወዛወዘ ሰው ደብዳቤ ላይ «ሃ-ቬ-ኤስ ዲስቶርሲዮን» ተብሎ ይጻፋል፤ «ሃ-ቬ-ኤስ» የአንገት አከርካሪ ነው። «ቤ-ቬ-ኤስ» የደረት፣ «ኤል-ቬ-ኤስ» የወገብ አከርካሪ ነው።

ጠንከር ያሉት ደግሞ «ሪስ» የሚል ጭራ አላቸው፤ መቀደድ ወይም መበጠስ ማለት ነው። «ቤንደሪስ» የአንጓ ጅማት መበጠስ፣ «ክሮይትስባንትሪስ» ጉልበት ውስጥ ተመሳቅለው ከሚያልፉት ሁለት ጅማቶች የአንዱ መበጠስ፣ «ሙስከልፋዘሪስ» የጡንቻ ክሮች መቀደድ። በጉልበቱ ጉዳይ የፊተኛው ነው ወይስ የኋለኛው የሚለው የግድ መተርጎም አለበት፤ ሕክምናቸው ይለያያልና።

«ብሩኽ» የሚል ቃል ባየሁበት ሁሉ ስብራት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አዎ፤ «ፍራክቱር» ከሚለው የላቲን ቃል ጋር አንድ ነው። ሆኖም «ላይስተንብሩኽ» ስብራት አይደለም፤ በብሽሽት በኩል የሚወጣ ቡአ ነው፤ እንግሊዝኛው «ኢንጉዊናል ኸርኒያ» ይለዋል። «ናቤልብሩኽ» ደግሞ የእምብርት ቡአ ነው። እነዚህን «የብሽሽት ስብራት»፣ «የእምብርት ስብራት» እያሉ የሚተረጉሙ አሉ፤ እምብርት አጥንት እንደሌለው ማሰብ ይበቃ ነበር።

«ባይን» የሚለውም እንደዚሁ ያሳስታል። ለብቻው ሲቆም እግር ማለት ነው፤ ከሌላ ቃል ጋር ሲገጠም ግን በጥንቱ ትርጉሙ አጥንት ይሆናል። «ሽሉሰልባይን» ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ የሚሄደው አጥንት ነው፤ «ናዘንባይን» የአፍንጫ አጥንት፤ «ሺንባይን» ቅልጥም። የአፍንጫ አጥንቱ የተሰበረ ሰው እግሩ ተሰብሯል ተብሎ ቤተሰቡ እንዳይደነግጥ።

ስለ ስብራቱ ዓይነት የሚጨመሩት ቃላትም ዋጋ አላቸው። «ኦፈነ» ከሆነ ቆዳው ተቀድዶ ስብራቱ ከውጭ ጋር ተገናኝቷል፤ የመመረዝ አደጋ አለው። «ትሩመርፍራክቱር» አጥንቱ ብዙ ቦታ መሰባበሩን ይናገራል፤ እንግሊዝኛው «ኮሚኒዩትድ» ነው። «ግሩንሆልትስፍራክቱር» በልጆች ላይ የሚታይ፣ እንደ እርጥብ እንጨት በአንድ በኩል ጎብጦ በሌላው የሚሰነጠቅ ነው።

ጭንቅላት ላይ የደረሰ ጉዳት ተብሎ ሲጻፍ ምን ያህል ያስፈራል?

እንደ ቃሉ ነው። «ሼደልፕሬሉንግ» ጭንቅላቱ ተመትቷል፣ አንጎሉ ግን ተነክቷል አልተባለም። «ገሂርንኤርሹተሩንግ» ወይም በላቲኑ «ኮሞትሲዮ ሴሬብሪ» የአንጎል መናወጥ ነው፤ እንግሊዝኛው «ኮንከሽን»። «ኮንቱዚዮ ሴሬብሪ» ደግሞ አንጎሉ ራሱ ቆስሏል ማለት ነው። ሁለቱ የላቲን ስሞች ለጆሮ ይመሳሰላሉ፤ በክብደት ግን አይገናኙም።

«ሼደል-ሂርን-ትራውማ» የሚለው የወል ስም ነው፤ አጠገቡ ያለውን ደረጃ አይታችሁ ካልሆነ አትደንግጡ። ደረጃው የሚለካው እ.ኤ.አ. በ1974 በግላስጎው በወጣው የንቃተ ሕሊና መለኪያ ነው፤ ትንሹ 3፣ ትልቁ 15። ከ13 እስከ 15 ያገኘ አንደኛ ደረጃ፣ ማለትም ቀላል ነው። ከ9 እስከ 12 ሁለተኛ፣ 8 እና ከዚያ በታች ሦስተኛና ከባድ ነው። ቁጥሩን እንዳለ ማስተላለፍ ይበቃል፤ መለኪያውን ሐኪሞች ሁሉ ያውቁታል።

የቁስል ስሞችስ?

«ሹርፍቩንደ» መላላጥ፣ «ሽኒትቩንደ» በስለት መቆረጥ፣ «ሽቲሽቩንደ» መወጋት፣ «ቢስቩንደ» መነከስ። «ፕላትስቩንደ» በግጭት ኃይል ቆዳ ሲፈነዳ ነው፤ በእንግሊዝኛ «ላሰሬሽን» ይባላል። ለቃጠሎም ሦስት ስም አላቸው፤ «ፈርብሬኑንግ» የእሳት ወይም የጋለ ነገር፣ «ፈርብሩውንግ» የፈላ ፈሳሽ ወይም የእንፋሎት፣ «ፈርኤትሱንግ» የኬሚካል። ሦስቱን «በርን» ብሎ ማጠቃለል ይቻላል፤ የፈላውንና የኬሚካሉን ለይቶ መጻፍ ግን ለሐኪሙ ይጠቅማል።

«ኤንትላስቱንግ» እና «ታይልበላስቱንግ 20 ኪሎ» ምን ማለት ነው? ሃያ ኪሎ ልሸከም ነው?

የለም፤ አትሸከሙም። ስለ እግር ሲሆን «ኤንትላስቱንግ» እግሩን ጨርሶ አለመርገጥ ነው፤ በእንግሊዝኛ «ነን ዌይት ቤሪንግ»። ቃል በቃል ሲተረጎም «እፎይታ» ዓይነት ነገር ይወጣዋል፤ ያንን ያነበበ ሰው ቢሄድበት አይፈረድበትም። «ታይልበላስቱንግ 20 ኪሎ» ማለት በክራንች ሲሄዱ በተጎዳው እግር ላይ ከሃያ ኪሎ የማይበልጥ ክብደት ማሳረፍ ነው። «ፎልበላስቱንግ» ሲባል ሙሉ በሙሉ መርገጥ ተፈቅዷል።

ሃያ ኪሎ በእግር ሲረገጥ ምን ያህል እንደሆነ በግምት አይታወቅም። ጀርመን ውስጥ ታካሚውን የቤት ሚዛን ላይ አስረግጠው ያለማምዱታል። እዚህም ይቻላል። ፒያሳ መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግተው ከሚቀመጡት ልጆች ዘንድ ሄደው ሁለቱን ክራንች መሬት ላይ ያስደግፉ፤ ደህነኛው እግር መሬት ላይ ይሁን፤ የታመመውን ሚዛኑ ላይ አሳርፈው መርፌው ሃያ እስኪደርስ ቀስ እያሉ ይጫኑ። ጥቂት ጊዜ ሲደጋግሙት ሰውነት መጠኑን ይለየዋል። ክራንች መያዝ ገና ካልቻሉ ግን ይህንን ሐኪም ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ባለበት ያድርጉት።

ቁጥሮችና ቀኖች ላይ ምን ልጠንቀቅ?

ብዙ ነገር። ጀርመኖች ነጥብና ሰረዝን ከእንግሊዝኛው በተቃራኒ ይጠቀማሉ። «3,5 ሴንቲ ሜትር» ሦስት ተኩል ነው። «1.000 ሚሊ ግራም» ደግሞ አንድ ሺህ ሚሊ ግራም ነው እንጂ አንድ አይደለም። በእንግሊዝኛው ትርጉም ላይ ነጥቡን ማውጣት ግዴታ ነው፤ መድኃኒት ላይ ሲሆን የሺህ እጥፍ ልዩነት ነው።

ቀኑ የሚጻፈው ቀን፣ ወር፣ ዓመት ተብሎ ነው። 05.03.2024 ማለት እ.ኤ.አ. ማርች 5 ቀን 2024፣ በእኛ የካቲት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። በአሜሪካ አጻጻፍ የሚያነብ ሰው ሜይ 3 ይለዋል፤ በእኛ ሚያዝያ 25 ይሆናል፤ ስፌት የሚፈታበት ቀን ሁለት ወር ገደማ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ የወሩን ስም በፊደል እጽፋለሁ፤ የኢትዮጵያውንም ቀን አጠገቡ አስቀምጣለሁ።

መድኃኒት አጠገብ «1-0-1» ተጽፎ ካያችሁ ጠዋት አንድ፣ ቀትር ላይ ምንም፣ ማታ አንድ ማለት ነው። አራተኛ ቁጥር ካለ ለመኝታ ሰዓት ነው። «ኖቫልጂን» የሚባለው ማስታገሻ በጀርመን እጅግ የተለመደ ነው፤ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ የንግድ ስሙን ሳይሆን «ሜታሚዞል» ወይም «ዲፓይሮን» የሚለውን መጻፍ ይገባል። የንግድ ስም ድንበር ሲሻገር ሰው ላያውቀው ይችላል።

«ሽታትሲዮኔር»፣ «አምቡላንት»፣ «ኦበርአርትስት»?

ተኝቶ የታከመ፣ ሳይተኛ የታከመ፣ ከፍተኛ ሐኪም። «አምቡላንት» በአምቡላንስ መጣ ማለት አይደለም። «አሲስቴንትስአርትስት» ረዳት ሳይሆን የስፔሻሊቲ ትምህርት ላይ ያለ ሐኪም ነው፤ በእንግሊዝኛ «ሬዚደንት»።

እግሬ ውስጥ ያለውን ብረት ወረቀቱ ምን ይለዋል?

«ኦስቴኦዚንቴዘ» የሚለው ስብራቱ በብረት መገጣጠሙን ነው። «ፕላተ» በብሎን የታሰረ ሳህን መሰል ብረት ነው። «ካ-ድራት» ቀጭን ሽቦ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ማርቲን ኪርሽነር ሲሆን እንግሊዝኛው «ኬ-ዋየር» ነው። «ማርክናገል» በአጥንቱ መሐል፣ መቅኔው ባለበት ክፍተት ውስጥ የሚገባ ረጅም ዘንግ ነው፤ ይህንን ዘዴ በ1930ዎቹ መጨረሻ ያስተዋወቀው ኪል ከተማ ይሠራ የነበረው ገርሃርት ኩንቸር ነው። እንግሊዝኛው «ኢንትራሜዱለሪ ኔይል» ይለዋል።

«ሜታልኤንትፈርኑንግ» ብረቱን ማውጣት ነው። ደብዳቤው ይህን ካነሳ፣ መቼ እንደሚል ለይቶ መተርጎም አለበት። ማውጫ መሣሪያው ከብረቱ ዓይነት ጋር መግጠም ስላለበት የብረቱን ካርድ ለሐኪሙ ማሳየት ብዙ ድካም ያስቀራል።

ትርጉሙ ትክክል መሆኑን በምን አረጋግጣለሁ?

በኮዱ። ከምርመራው ስም አጠገብ በላቲን ፊደል ጀምሮ ቁጥር የሚከተለው ምልክት ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ነው፤ ቋንቋ አያውቅም። የአካል ጉዳቶች በአብዛኛው በ«ኤስ» ይጀምራሉ፤ የሚከተለው የመጀመሪያው አኃዝ ቦታውን ይናገራል። 0 ጭንቅላት፣ 1 አንገት፣ 2 ደረት፣ 3 ሆድ፣ ወገብና ዳሌ፣ 4 ትከሻና የላይ ክንድ፣ 5 ክርንና የታች ክንድ፣ 6 እጅ አንጓና እጅ፣ 7 ታፋና ጭን፣ 8 ጉልበትና ቅልጥም፣ 9 ቁርጭምጭሚትና የእግር መዳፍ። ኤስ 52.5 ያልነው የእጅ አንጓ አጠገብ ስብራት ነው፤ ኤስ 06.0 የአንጎል መናወጥ። ትርጉሙ ስለ ቁርጭምጭሚት እያወራ ከ«ኤስ» ቀጥሎ ያለው አኃዝ 4 ከሆነ አንድ ነገር ተሳስቷል።

ከሆስፒታል ውጭ ባሉ ክሊኒኮች ወረቀት ላይ ከኮዱ በኋላ አንድ ፊደል ይጨመራል፤ «ጌ» የተረጋገጠ፣ «ፋው» የተጠረጠረ፣ «ትሴት» ያለፈ፣ «አ» አለመኖሩ የታወቀ። ከላይ ያየነው የጥርጣሬ ጉዳይ እዚህም ይታያል፤ ሁለቱን ማመሳከር ይቻላል።

ስልኬ ላይ ያለው ተርጓሚ አይበቃም?

ለመጀመሪያ ግንዛቤ ይረዳል፤ እኔም አልከለክልም። አጫጭር ምሕጻረ ቃላት ላይ ግን አትመኑት። ስምና የልደት ቀን ያለበትን ወረቀት ፎቶ አንስቶ ወደማይታወቅ ድረ ገጽ መስቀልም አያስፈልግም፤ ያንን ክፍል ሸፍኑት።

ወረቀቱ ወለምታ ነው ካለ ወጌሻ ዘንድ ብሄድስ?

ወጌሻ በወሎ የተከበረ ሙያ ነው፤ ብዙ ሰው ድኖበታል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ወረቀቱ ላይ «ፍራክቱር»፣ «ብሩኽ»፣ «ሪስ» ወይም ብረት መግባቱን የሚገልጽ ቃል ካለ፣ ወይም ስብራት ተጠርጥሮ ገና ካልተጣራ፣ አይታሽም፤ በቀርከሃም አይታሰርም። ጠብቆ የታሰረ ቀርከሃ ደም ሲያግድ እጅ ወይም እግር እስከማጣት ያደርሳል፤ የሚጎዱት ደግሞ በብዛት ልጆች ናቸው። የታሰረው እጅና እግር ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ በዚያው ሰዓት ተፈትቶ ሆስፒታል ይኬዳል፤ እስኪነጋ አይጠበቅም።

ጉዳቱ የደረሰብኝ ሥራ ላይ ነው። ከመድን ተቋም የመጣው ደብዳቤ ለየት ይላል?

አዎ፣ በጣም። ጀርመን የሥራ አደጋ መድን ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1884 ነው፤ ዛሬም ሥርዓቱ ከተራ የጤና መድን የተለየ ነው። ሥራ ላይ የተጎዳ ሰው «ዴ-አርትስት» ወደሚባል የተፈቀደለት ሐኪም ይላካል፤ የእሱ ዘገባ የክፍያው መሠረት ነው። በደብዳቤው ላይ «ኤም-ዴ-ኤ» የሚል ከመቶኛ ጋር ካያችሁ የመሥራት አቅም መቀነስ ማለት ነው፤ «የአካል ጉዳት መጠን» ከሚለው ሌላ መለኪያ ጋር አንድ አይደለም። በአጠቃላይ ጡረታ የሚታሰበው ቅነሳው ቢያንስ 20 በመቶ ሆኖ ከ26ኛው ሳምንት በኋላም ከቀጠለ ነው።

የዚህ ዓይነት ደብዳቤ ሲመጣ መጀመሪያ የመጨረሻውን ገጽ አስተርጉሙ። ይግባኝ የማቅረቢያ ጊዜ የሚጻፈው እዚያ ነው። ውሳኔው ጀርመን ውስጥ ለደረሰው ሰው አንድ ወር፣ ውጭ አገር ላለ ሰው ሦስት ወር ይሰጣል። ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን ፖስታው ላይ ጻፉ፤ ፖስታውንም አትጣሉ።

ለኤምባሲ ወይም ለፍርድ ቤት የሚሆን ትርጉምስ?

የሐኪም ትርጉምና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ትርጉም አንድ አይደሉም። ጀርመን ውስጥ ያለ መሥሪያ ቤት በብዛት የሚቀበለው ቃለ መሐላ የፈጸመ ተርጓሚ ማኅተም ያለበትን ነው። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ተቀባዩ የማንን ማኅተም እንደሚቀበል በጽሑፍ ጠይቁ።

ላሊበላ ላይ አንድ ጀርመናዊ እንግዳ ወድቆብን ነበር። የእኛ ሐኪም የጻፈው ይጠቅመዋል?

ይጠቅመዋል፤ የጀርመን ሐኪሞች እንግሊዝኛ ያነባሉ። አስጎብኚው ማድረግ ያለበት የሐኪሙ ጽሑፍ በግልጽ እንዲነበብ፣ ጉዳቱ ግራ ይሁን ቀኝ፣ የተረጋገጠ ይሁን የተጠረጠረ እንዲጻፍ መጠየቅ ነው። ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ሰዓቱም በእነሱ አቆጣጠር ይሁን፤ በእኛ ስምንት ሰዓት ከቀኑ ለእነሱ 14 ሰዓት ነው። የመድን ተቋሙ ደረሰኝ ስለሚጠይቀው የከፈለበትን ሁሉ ማኅተም ባለበት ደረሰኝ ይውሰድ፤ የራጁንም ፊልም ወይም ሲዲ ይዞ ይሂድ።